የትኛው ምድጃ ቀድሞ ይጥፋ?

ራይን የሚባለው ታላቅ ወንዝ ከስዊስ ተራራዎች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲወርድ፣ ከጉዞው ጥቂቱን በጀርመንና በፈረንሣይ መካከል ድንበር ሆኖ ይፈስሳል። በስተምሥራቅ ያለው ዳርቻ ባደን ይባላል፤ የጀርመን ነው። በስተምዕራብ ያለው አልዛስ ይባላል፤ የፈረንሣይ ነው። የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች ወይን ተካዮች ናቸው፤ የአባቶቻቸውም ቋንቋ ተቀራራቢ ነው። በአንድ ነገር ግን መንግሥቶቻቸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይስማሙ ኖረዋል። ይኸውም የኤሌክትሪክ መብራት ከምን ይምጣ በሚለው ጥያቄ ነው።

በፈረንሣይ በኩል፣ ፌሰንሃይም በምትባል መንደር አጠገብ፣ በ1977 የአቶም ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በጀርመን በኩል፣ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ቪል በምትባል መንደር ሊሠራ የታቀደውን የአቶም ማመንጫ ግን ገበሬዎች ተነሥተው አስቀሩት። ዛሬ በቪል የታሰበው ቦታ በሕግ የተጠበቀ ደን ነው። የፌሰንሃይሙም ቢሆን በ2020 ተዘግቷል። በእነዚህ በሁለቱ መንደሮች ታሪክ ውስጥ ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚከራከርበት ነገር ተጠቅልሎ ይገኛል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ አበው። መብራትም ለሚያበራው ሰው ከየትም ቢመጣ ያው መብራት ነው፤ አምፑሉ የአቶሙን ብርሃን ከከሰሉ ብርሃን ለይቶ አያሳይም። ዳሩ ግን ጉልቻው ሲለወጥ ጭሱ ይለወጣል፣ አመዱ ይለወጣል፣ ወጪው ይለወጣል፣ የሚታመመውና የሚሞተው ሰው ቁጥርም ይለወጣል። ስለዚህ ክርክሩ የሊቃውንትና የሚኒስትሮች ብቻ አይደለም። ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያለው ተማሪ፣ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ፋይል እያቀረበ የሚያስፈርመው ወጣት ሠራተኛ፣ ነገ የዚህን ዐይነት ጉዳይ ወረቀት በእጁ መያዙ አይቀርም።

ለመሆኑ የአቶሙና የከሰሉ ማመንጫ በምን ይለያያሉ? እንደ እውነቱ ከሆነ የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ውሃ ማፍላት ነው። የፈላው ውሃ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ተርባይን የሚባለውን መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩ ጄኔራተሩን ያዞራል፤ ኤሌክትሪክም ይወጣል። ልዩነቱ ከድስቱ ሥር ባለው እሳት ላይ ነው። ከሰል እንደ ማንኛውም ማገዶ ይነዳል። ዩራኒየም ግን አይነድም፤ የአቶሙ እምብርት በኒውትሮን ሲመታ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ብርቱ ሙቀት ይሰጣል። ይህንን መሰንጠቅ በ1938 መጨረሻ በርሊን ላይ በሙከራ ያገኙት ኦቶ ሃንና ፍሪትስ ሽትራስማን ናቸው፤ የነገሩን ምሥጢር አስልተው ያስረዱት ደግሞ ሊዘ ማይትነርና የእኅቷ ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው። እንግዲህ የአቶም እሳት ከማንም አገር በፊት የታወቀው በዚያችው በጀርመን ነበር ማለት ነው።

በመጠን ረገድ ያለው ልዩነት የሚያስገርም ነው። አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ኃይል ያለው የከሰል ማመንጫ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰል ይበላል። ለዚያኑ ያህል የአቶም ማመንጫ ግን 27 ቶን ያህል የተዘጋጀ ዩራኒየም ለዓመት ይበቃዋል። ነፋስና ፀሐይ ደግሞ ምንም ማገዶ አይፈልጉም፤ ነገር ግን ነፋሱ ጸጥ ሲል ፀሐይም ስትጠልቅ ሥራቸውን ያቆማሉ። ሦስቱም እንዲህ እንዲህ ያለ ጠባይ አላቸው፤ ያለ ነቀፋ የተገኘ ግን አንድም የለም።

መጀመሪያ ከሰልን እንመልከት። የአውሮፓ ሥልጣኔ የተገነባው በከሰል ነው፤ ዋጋውም በሰው ነፍስ ሲከፈል ኖሯል። በማርች 10 ቀን 1906 በሰሜን ፈረንሣይ በኩሪዬር የከሰል ጉድጓዶች ውስጥ የከሰል ብናኝ ፈንድቶ 1,099 ሰዎች አለቁ። በ1870 ከተደረገው ጦርነት ወዲህ ጀርመንና ፈረንሣይ በቂም ይተያዩ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከጀርመን አገር ከቬስትፋሊያ የመጡ የከሰል ሠራተኞች የመተንፈሻ መሣሪያቸውን ይዘው ፈረንሣዮቹን ለማዳን ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ከአደጋው 20 ቀን በኋላ 13 ሰዎች በሕይወት ከምድር ሥር ወጡ። በጀርመንም በፌብሩዋሪ 1962 በዛርላንድ ውስጥ በሉዊዘንታል ጉድጓድ 299 ሠራተኞች ሞተዋል።

ይህ ግን የሚታየው ሞት ነው። የማይታየው ይበልጣል። ከከሰል ማመንጫ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝና ጋዝ በነፋስ ተበትኖ በሰው ሳንባ ይገባል። የሞተው ሰው መቃብር ላይ «ከሰል ገደለው» ተብሎ አይጻፍም፤ «በልብ ድካም»፣ «በሳንባ ሕመም» ይባላል እንጂ። በ2007 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአውሮፓ አንድ ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከከሰል ሲመነጭ 25 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል፤ ከሰሉ ቡናማው ዐይነት ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ከ30 ያልፋል። ለአቶም ኃይል የተገኘው ግምት ግን የአንድ ሰውን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ የቼርኖቢልና የፉኩሺማ አደጋዎች ተጨምረው በተሠራው ሒሳብም የአቶሙ ቁጥር ከከሰሉ ከመቶ እጅ በላይ ያንሳል። ነፋስና ፀሐይም ከአቶሙ ጋር የሚቀራረብ ትንሽ ቁጥር አላቸው።

አሁን ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች እንመለስ። በኦክቶበር 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ። የዐረብ አገሮች የነዳጅ ዘይት ሽያጭ ከለከሉ፤ ዋጋውም በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። ፈረንሣይ ከራስዋ ምድር የሚወጣ በቂ ዘይት የላትም፤ ከሰሏም እየመነመነ ነበር። በማርች 1974 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒየር መስሜር አገራቸው ኤሌክትሪኳን ከአቶም እንድታገኝ የሚያደርገውን ታላቅ ዕቅድ አስታወቁ። ጉዳዩ በፓርላማ ክርክር አልተደረገበትም፤ መሐንዲሶችና ከፍተኛ ሹማምንት መክረው የቆረጡት ነገር ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥም ከ50 በላይ ሬአክተሮች፣ ማለት የአቶም ምድጃዎች፣ ተሠርተው ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ከፈረንሣይ ኤሌክትሪክ ከመቶ 65 የሚበልጠው የአቶም ነው።

በማዶው ዳርቻ የሆነው ሌላ ነው። የቪል አካባቢ ወይን ተካዮች ከማመንጫው ማቀዝቀዣ የሚወጣው እንፋሎት ጉም ሆኖ ፀሐይን ይከልልብናል፣ ወይናችንን ያጠፋብናል ብለው ሠጉ። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1975 ሥራው በተጀመረበት መሬት ላይ ገብተው ተቀመጡ። ፖሊስ በኃይል አስወጣቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በብዙ ሺህ ሆነው ተመለሱ። ከወንዙ ማዶ የመጡ አልዛሶችም አብረዋቸው ነበሩ፤ ከፍራይቡርግ ከተማ ተማሪዎችና መምህራን መጡ። ለወራት ሰፍረው ቆዩ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመጨረሻም ማመንጫው ሳይሠራ ቀረ። ገበሬ መንግሥትን በትዕግሥት ያሸነፈበት ይህ ታሪክ በጀርመን አገር እንደ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ፈረንሣይ ሕዝቡን ሳትጠይቅ ፈጥና ሠራች። ጀርመን ሕዝቡ የተናገረውን ሰምታ ዘገየች። ከሥራው ፍጥነት አንፃር የመጀመሪያዋ፣ ከሕዝብ አስተዳደር አንፃር ሁለተኛዋ ትመሰገናለች። ይሁን እንጂ ሕዝብ ሲናገር የሚናገረው የሚያየውን ነው። የማቀዝቀዣው ማማ ይታያል፤ በልብ ድካም የተጻፈው ሞት ግን አይታይም።

በኤፕሪል 26 ቀን 1986 በሶቪየት ኅብረት በዩክሬን ምድር የቼርኖቢል ሬአክተር ፈነዳ። በዚያው በፍንዳታው ሌሊት 2 ሠራተኞች፣ ከዚያም በጨረር ሕመም በጥቂት ወራት ውስጥ 28 ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ሰዎች ሞቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የተሳተፈበት ጉባኤ፣ ብዙ ጨረር ካገኛቸው ሰዎች መካከል በመጨረሻው እስከ 4,000 ሊሞቱ እንደሚችሉ ገመተ። መርዛሙ ደመናም በደቡብ ጀርመን ላይ ዘነበ። በባደን በኩል ቅጠላ ቅጠል አትብሉ፣ የወተቱን ነገር ተጠንቀቁ ሲባል፣ በአልዛስ በኩል የፈረንሣይ ሹማምንት የሚያሠጋ ነገር የለም ይሉ ነበር። አንዱ ወንዝ በሁለት አፍ ተናገረ። ሕዝብ በባለሥልጣን ቃል ላይ ያለው እምነት በዚያን ጊዜ ክፉኛ ተጎዳ፤ የእምነት ቁስል ደግሞ ቶሎ አይሽርም።

በጀርመን የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ በ1980 ተመሥርቶ ነበር። በ1998 ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር ሆኖ መንግሥት ገባ። በ2000 ሁለት ነገር ተወሰነ፦ አንደኛ፣ የአቶም ማመንጫዎች ቀስ በቀስ እንዲዘጉ፤ ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሰው ከፀሐይ ወይም ከነፋስ ኤሌክትሪክ ቢያመነጭ ለ20 ዓመት በተቈረጠ ዋጋ እንዲገዛለት። በ2010 ግን የጠቅላይ ሚኒስትር አንጌላ መርክል መንግሥት የአቶሙን ዕድሜ አራዘመ። ወይዘሮ መርክል ራሳቸው የፊዚክስ ሊቅ ናቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን ብርቱ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ባሕሩ ተነሥቶ የፉኩሺማን ማመንጫ መታ። ማዕበሉ በጃፓን ዳርቻ 18,000 ያህል ሰው ፈጀ። በጨረሩ ምክንያት የሞተ ብሎ የጃፓን መንግሥት የተቀበለው ግን አንድ ሰው ነው፤ ከቤታቸው በችኮላ ተፈናቅለው በድካምና በጭንቀት የሞቱት ሽማግሎችና በሽተኞች ግን ከ2,000 በላይ ናቸው። ፍርሃት ራሱ ገዳይ መሆኑን ይህ ያሳያል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የምድር መናወጥም የባሕር ማዕበልም በማያሠጋት በጀርመን ከ17ቱ ሬአክተሮች 8ቱ በዚያው ዓመት ተዘጉ፤ የቀሩትም እስከ 2022 እንዲዘጉ ሕግ ወጣ። በዚያን ጊዜ ከጀርመን ኤሌክትሪክ ከመቶ 22 ያህሉ ከአቶም፣ ከመቶ 40 የሚበልጠው ደግሞ ከከሰል ይመጣ ነበር። ከሰልን ስለ ማጥፋት ሕግ የወጣው ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ2020 ነው፤ የመጨረሻው ቀጠሮም 2038 ሆነ። ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2019 ባወጡት ጥናት፣ የተዘጉት የአቶም ማመንጫዎች ሥራ በአመዛኙ በከሰል በመተካቱ በአየር መበከል ምክንያት በዓመት 1,100 ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደሞቱ ገመቱ።

ከዚያም ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ወረረች፤ ወደ ጀርመን የሚሄደውም ጋዝ ተቋረጠ። መንግሥት ለክፉ ቀን አስቀምጦአቸው የነበሩትን የከሰል ማመንጫዎች እንደገና አስነሣ። በጃንዋሪ 2023 ሉትሰራት የምትባለው የራይንላንድ መንደር ከሥርዋ ያለው ቡናማ ከሰል እንዲቈፈር ስትለቀቅ፣ የተቃወሙ ወጣቶች በፖሊስ እየተጎተቱ ወጡ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል 15 ቀን የመጨረሻዎቹ ሦስት ሬአክተሮች፣ ደኅና እየሠሩ ሳሉ፣ ጠፉ። አንዱ እሳት ሲጠፋ ሌላው ገና ይጨስ ነበር፤ የሚጨሰውም የባሰው ነበር።

እንዲህ ስንል ግን የጀርመንን ሥራ ማጣጣላችን አይደለም። ዳኛ ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት። በ2000 ከጀርመን ኤሌክትሪክ ከመቶ 7 እንኳ የማይሞላው ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከውሃና ከመሳሰለው ይገኝ ነበር፤ በ2024 ከግማሽ በላይ ሆነ። ከሰሉም በ2024 ወደ ከመቶ 22 ገደማ ወርዷል። ለዚህ የጀርመን ቤተሰብ ከኪሱ ከፍሏል፤ በ2017 ብቻ በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ላይ 6.88 የዩሮ ሳንቲም ለዚሁ ሥራ ይጨመርበት ነበር። ጀርመኖች ውድ ሳለ ብዙ ስለ ገዙ የፀሐይ ሰሌዳ ፋብሪካዎች በዓለም ተስፋፉ፤ የሰሌዳውም ዋጋ ከ2010 በኋላ ባሉት አሥር ዓመቶች በአሥር እጅ ገደማ ወረደ። ዛሬ በእኛ አገር ገጠር በአንድ ቤት ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሲታይ፣ ከዋጋው መርከስ ላይ የጀርመን ቤተሰብ ገንዘብ አለበት ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የነፋስና የፀሐይ ነገር የራሱ ችግር አለው። በዲሴምበር 2024 በጀርመን ሰማዩ ደመና ሆኖ ነፋሱም ጸጥ ባለ ጊዜ፣ የአንድ ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በገበያ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ከ900 ዩሮ በላይ ወጣ። ለእንዲህ ያለው ቀን ትልልቅ ባትሪ፣ ከጎረቤት አገር የሚመጣ መስመር ወይም የሚነሣ ሌላ ማመንጫ ያስፈልጋል። ከ2002 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርመን በ2023 ከሸጠችው የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ከጎረቤቶችዋ ገዛች።

ፈረንሣይስ ያለ ነቀፋ ናት? አይደለችም። በ2021 መጨረሻ በአንዳንድ ሬአክተሮች ቧንቧ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። በ2022 ለምርመራና ለጥገና ሲባል ከሬአክተሮቹ ከግማሽ በላይ የቆሙበት ጊዜ ነበር፤ ከዚህም ላይ በጋው ሞቃት ሆኖ ወንዞቹ ለማቀዝቀዣ አላመች አሉ። ፈረንሣይ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪክ ገዢ ሆነች። በባሕር ዳርቻ በፍላማንቪል በ2007 የተጀመረው አዲሱ ሬአክተር በ3.3 ቢሊዮን ዩሮ በ2012 ያልቃል ተብሎ ነበር። ከመስመር ጋር የተገናኘው በዲሴምበር 21 ቀን 2024 ነው፤ ወጪውም አራት እጥፍ ያህል አደገ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ቀድሞ በስድስትና በሰባት ዓመት የሚጨርሱ መሐንዲሶች ጡረታ ወጡ፤ ሙያው ሳይወረስ ቀረ። ያም ሆኖ የቀድሞዎቹ ሬአክተሮች ከተጠገኑ በኋላ በ2024 ፈረንሣይ 89 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለጎረቤቶችዋ ሸጠች።

የአቶሙም አመድ ቀላል ነገር አይደለም። በመጠን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በብዙ ሺህ ዓመት የሚቈጠር ዕድሜ አለው። ፈረንሣይ በምሥራቅ ክፍልዋ በቡር መንደር አጠገብ፣ 500 ሜትር ያህል ከምድር በታች በሸክላ አፈር ውስጥ ልትቀብረው አቅዳለች። ጀርመኖች ግን ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126,000 ያህል በርሜል አነስተኛና መካከለኛ ጨረር ያለው ቆሻሻ አሰ በተባለ አሮጌ የጨው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡ፤ በኋላ ውሃ ሲገባበት ተገኘ፤ አሁን ሁሉንም መልሶ ለማውጣት በሕግ ተገድደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከዚህም ሌላ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፈረንሣይ ምድጃዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ ከኒጀር በረሃ፣ ከአርሊት፣ የወጣ ዩራኒየም ተጠቅመዋል፤ ከኒጀር ሕዝብ አብዛኛው ግን ማታ በጨለማ ነው የሚቀመጠው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? የዚህ ዓምድ አስተያየት እንዲህ ነው። ጀርመን ነፋስንና ፀሐይን በመደገፍዋ አልተሳሳተችም፤ ፈረንሣይም አቶምን በመያዝዋ አልተሳሳተችም። ስሕተቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ሁለት ምድጃ ቢኖር፣ አንዱ ልጆቹን በየቀኑ በጭስ የሚያሳምም፣ ሁለተኛው ግን ጭስ የሌለው ሆኖ አንድ ቀን ይፈነዳ ይሆናል ተብሎ የሚፈራ፣ ብልህ አባወራ አዲሱን ምድጃ ሲሠራ አስቀድሞ የትኛውን ያጠፋል? የሚያጨሰውን አጥፍቶ የሚፈራውን በጥብቅ ይጠብቀዋል። ጀርመን ግን የሚፈራውን አስቀድማ አጠፋች። በዚህም ምክንያት በ2023 ከእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ጋር 380 ግራም ያህል የካርቦን ጋዝ ወደ ሰማይ ስትለቅ፣ የፈረንሣይ ከ60 ግራም በታች ነበር። ድምፅ ያለው አደጋ ድምፅ የሌለውን አደጋ አስረሳ።

ይህ ትምህርት ለእኛም አይርቅም። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ 5,150 ሺህ ኪሎዋት ኃይል ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአቶም ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ከሩሲያ ጋር ሞስኮ ላይ ተፈርሟል። ስለ አቶሙ ከወዲሁ የሚደግፍም የሚቃወምም አለ፤ መከራከሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን በአገራችን የሚያጨሰው ምድጃ በማመንጫ ጣቢያ አይደለም። በእናቶቻችን ማድ ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 በቤት ውስጥ በሚጤስ ማገዶና በመሳሰለው በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። አብዛኛው ቤተሰባችን ዛሬም በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ያበስላል። ጉልቻ ሥር ተንበርክካ እፍ ስትል ዐይንዋ የሚያለቅስ እናት በማናቸውም የማመንጫ ክርክር ውስጥ ስምዋ አይነሣም፤ ሞትዋም ድምፅ የለውም።

ስለዚህ ወዳጄ ተማሪ፣ አንተም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናንተም እኅቶቻችን፣ አንድ ቀን የማመንጫ ጉዳይ የያዘ ፋይል በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ፣ የከሰልም ይሁን የአቶም፣ የግድብም ይሁን የነፋስ፣ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄ በትሕትና ጠይቁ። አንደኛ፦ ይህ ሲበራ የትኛው የሚያጨስ ምድጃ ይጠፋል? ሁለተኛ፦ መቼ ይደርሳል፣ እስኪደርስስ በምን እንኖራለን? ሦስተኛ፦ አመዱን ማን ይጠርጋል፣ የትስ ያኖረዋል? ለሦስቱም በቁጥር የተጻፈ መልስ ያለው ፋይል ለፊርማ ይቅረብ። መልስ የሌለው ግን፣ የቱንም ያህል የሚያምር ሥዕል ቢኖረው፣ ወደ መጣበት ክፍል ይመለስ።